ለቅሶ የተቀመጡ አውሮፕላኖች

ሐረር ውስጥ ለሰው ስም የሚያወጡት አባትና እናት ብቻ አይደሉም፤ መንገዱም ያወጣል። አባት ያወጣውን ስም ቀበሌ ሄዶ ማስለወጥ ይቻል ይሆናል። መንገድ ያወጣውን ግን የትኛውም ጸሐፊ አይሰርዘውም። መንገዱ ለኑሰይባ ያወጣላት ስም «ሦስት ወር» ነው። ኑሰይባ ሦስት ወር።

ስሙ ከሰማይ አልወረደም። በሃያ ዓመቷ ተዳረች፤ ትዳሩ ሦስት ወር ሳይሞላው ባልየው ጅቡቲ ደርሼ ልምጣ ብሎ ሄዶ ከዚያው ፍቺውን ላከ። ጥፋቱ የእሱ ነበር፤ የተቆጠረው ግን በእሷ ነው። ከዚያ ኤረር በር አጠገብ ሳምቡሳ ቤት ከፈተች፤ በሦስተኛው ወር አከራዩ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» አላት። ቀጥላ ሻይ ቤት ከፈተች፤ ደጃፉ ለቧንቧ ተቆፍሮ ሳይደፈን ስለቀረ ደንበኛው ጉድጓዱን መዝለል ሰለቸውና ቀረ። ሻይ ቤቱ እንኳ አራት ወር ቆይቶ ነበር። ይህን ለማን ትነግረዋለች? ሰው አንዴ ሦስት ብሎ ከቆጠረ አራትን አይሰማም።

ስሙን ያወጣው ሙሐዲን ነው። ሙሐዲን ልብስ ሰፊ ነው፤ መኪና ግርግር በሚባለው፣ የስፌት መኪና ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ከግድግዳ ግድግዳ በሚላተምበት ጠባብ መንገድ ላይ ሠላሳ ዓመት ሰፍቷል። ከኑሰይባ ጋር አንድ ሰፈር ያደጉ እኩዮች ናቸው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ምላሱ ግን ከመቀሱ ይልቅ የተሳለ ነው።

ዛሬ ኑሰይባ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ልክ ከሙሐዲን የስፌት መኪና ፊት ለፊት ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ገበር የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ሱቁ ከተከፈተ ስድስት ዓመት ሞላው። ስድስት ዓመት! ሙሐዲን ግን አሁንም በየጠዋቱ «ሦስት ወር፣ እንዴት አደርሽ?» ይላታል፤ መንገዱም ተከትሎ ይስቃል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰው ሁሉ መልካሙን ስም ያስባል፤ መጥፎውም አብሮ እንደሚውል የሚያውቀው የተለጠፈበት ብቻ ነው። ኑሰይባ አብራ ትስቃለች።

ጨዋታውን ያመጣችው ትዕግሥት ናት። ትዕግሥት ከሱቁ ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት፣ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ የምትኖር ወጣት ናት። መብራት ሲጠፋ ፎቶ ኮፒው ይቆማል፤ እሷም ስልኳን ይዛ ኑሰይባ ሱቅ ትመጣና በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ኑሰይባ አንገቷን አስግጋ ስታይ፣ ስክሪኑ ላይ ካርታ አለ፤ በካርታው ላይ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይርመሰመሳሉ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የአየር መንገድ ጨዋታ ነው፣ እትዬ። ኩባንያ ያቋቁማሉ፣ አውሮፕላን ይገዛሉ፣ መስመር ይከፍታሉ። ከየአገሩ ሦስት መቶ ሰው አንድ ላይ ይጀምራል። የእኛ አንድ ቀን በጨዋታው አንድ ወር ነው፤ ሃያ ዓመት ሲሞላ ዙሩ ያልቃል።»

«የሚያሸንፈው ማነው?»

«ማሸነፉ ይቅርና እስከ መጨረሻው የሚቆየው ሃያ ሰው ቢሆን ነው። ሒሳቡ ከዜሮ በታች ወርዶ ሦስት ወር የቆየ ኩባንያ ይሰረዛላ።»

«ስንት ወር አልሽ?»

«ሦስት።»

ኑሰይባ ታጠቀልለው የነበረውን ክር አስቀመጠች። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣችና ለትዕግሥት ዘረጋችላት።

«ጫኚልኝ» አለች።

ጨዋታው ሐረርን አያውቃትም። አውሮፕላን ማረፊያ የሌለውን ከተማ ካርታው ላይ አያወጣውም። ኑሰይባ በዚህም ተናደደች፤ ግን ድሬዳዋን መነሻ አደረገችና ለኩባንያው በሰፈሯ ስም «ፈላና አየር መንገድ» አለችው። ሙሐዲን ወሬውን የሰማ ቀን መኪናውን አቁሞ እስኪያልበው ሳቀ።

«አንቺ፣ አውሮፕላን ረግጠሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ የሴት ቀሚስ የምትሰፋው ለብሰኸው ነው?»

መንገዱ በዚህ ጊዜ በሙሐዲን ላይ ሳቀ። እሱ ግን በቀላሉ የሚረታ አይደለም። «እሺ፣ እናያለን» አለ። «ሦስት ወር ሩቅ አይደለም።»

ሐበሾቹ ተጫዋቾች ዘጠኝ ነበሩ፤ በጨዋታው ውስጥ አንድ ኅብረት፣ ቴሌግራም ላይም አንድ ግሩፕ ነበራቸው። አለቃቸው ሳህሉ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ምክር አያልቅበትም። «ያላደገ ይሞታል» ይል ነበር። ተበደሩ፣ ትልልቁን አውሮፕላን ተከራዩ፣ ሩቅ አገር ብረሩ። ኑሰይባ ምክሩን በአክብሮት ሰማችና አንዱንም ሳትቀበል ቀረች። የጨዋታው እንግሊዝኛ ቢከብዳትም በትዕግሥት በኩል ሁሉም ገብቷታል፤ አልቀበልም ያለችው ሌላ የምታውቀው ነገር ስለነበራት ነው።

የምታውቀው የመንገዱን ነው። ሸዋ በር ላይ ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሳም፤ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል እንጂ ባዶ ወንበር ይዞ አይሄድም። እሷም አንዱ መስመር ጢም ብሎ ሳይሞላ ሁለተኛውን አልከፈተችም። ሙሐዲን አራት የስፌት መኪና አለው፤ አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድ መርፌ፣ አንድ ቀበቶ፣ አንድ ጠጋኝ ይበቃቸዋል። እሷም ባለ አርባ ወንበር አሮጌ አውሮፕላን አንድ ገዛች፤ ቀጥሎም ያንኑ ዓይነት፣ አሁንም ያንኑ ዓይነት። ይህን ከማን እንደተማረች ለሙሐዲን ትነግረው ዘንድ በሕይወቷ አታስበውም። በመስመሯ ላይ አንድ ጉልበተኛ መጥቶ ዋጋ ሲሰብር አብራ አልሰበረችም፤ መስመሩን ትታለት ወጣች። ጉልበተኛው በዓመቱ በከሰረ ጊዜ ተመልሳ ገባች። ከመሞት መሰንበት ይሏል ይህ ነው።

ገንዘብ ጠርቀም ያለላት ጊዜ ሳህሉ «በሉ እንግዲህ፣ ሩቅ የሚበር አውሮፕላን ይግዙ» አላት። እሷ የገዛችው የድሬዳዋን የአውሮፕላን ማቆሚያና ተርሚናል ነበር። ሁለት ጊዜ በሰው ቤት የከሰረ ሰው ሦስተኛውን በሰው ቤት አይጀምርም።

«ምን ያደርግልዎታል?» ሲል ጻፈ ሳህሉ። «ሌላ ሰው አውሮፕላኑን እዚያ ቢያቆም ኪራይ ይከፍልዎታል፤ ግን ድሬዳዋ መጥቶ የሚያቆም ማነው?»

«ማንም» አለች ኑሰይባ በድምፅ መልእክት። «ግን ማንም ውጪ አይለኝም።»

ወራቱ ሄዱ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የነበሩት ኩባንያዎች በእኛ ሁለት ወር ውስጥ መቶ ሠላሳ ሆኑ። የሳህሉ አውሮፕላኖች ስልሳ ደረሱ፤ የኑሰይባ ስድስት። ሙሐዲን በየጠዋቱ ከመኪናው ቀና ብሎ «አለሽ?» ይላታል። «አለሁ» ትለዋለች። ፊቱ ላይ ቅር የመሰኘት ነገር ታያለችና ቀኗ ይጣፍጣል።

በእኛው በአምስተኛው ወር ኪዳነወልድ ወደቀ። ኪዳነወልድ የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ በግሩፑ ውስጥ ለኑሰይባ በትሕትና የሚጽፍላት፣ የነዳጅ ዋጋ ሊወጣ ሲል ቀድሞ የሚነግራት። በጨዋታው ሦስት ወር ከዜሮ በታች ቆየና ኩባንያው ተሰረዘ። ግሩፑ ውስጥ አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎ ቀለደ፤ ሌላው የሚስቅ ፊት ላከ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ለኑሰይባ ግን አላለቀም። ሌላው አገር እድር እንደሚለው የሐረር ሰው አፎቻ አለው፤ አፎቻ ደግሞ በመልእክት አይሆንም። የአባል ቤት ሐዘን ከገባ ተነስተህ ትሄዳለህ፣ ሦስት ቀን ትቀመጣለህ። ኅብረት ውስጥ ግቢ ሲሏት እሷ የገባት አፎቻ ነው፤ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብላም አልጠረጠረች። ስለዚህ ከስድስቱ አውሮፕላኖቿ አንዱን ከመስመር አወጣችና ባዶውን ባሕር ዳር ልካ አቆመችው።

በማግሥቱ ሳህሉ አየው። «እትዬ፣ አንዱ አውሮፕላንዎ ባሕር ዳር ቆሟል። ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ለቅሶ ተቀምጧል።»

ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ። ትዕግሥት ራሷ በርጩማው ላይ ተጠማዝዛ ሳቀች። ኑሰይባ የሚያስቀው ነገር አልታይ አላት። ሳህሉ ግን ሳቁን ቶሎ አቆመ፤ ብልጥ ሰው ነው። የኪዳነወልድ የመነሻ ተራዎች፣ ከባሕር ዳር አውሮፕላን የሚያስነሳባቸው ሰዓቶች፣ ባዶ ሆነዋል፤ በጨዋታው ሕግ ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጠው እዚያ አውሮፕላን ላቆመ ነው። «እርስዎ ቀላል ሰው አይደሉም!» ብሎ ጻፈ። «ይውሰዱት እንጂ! እርስዎ እዚያ እስከቆሙ ድረስ ሌላ ማንም አይነካውም።»

ኑሰይባ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «አስተግፊሩላህ! ለቅሶ ቤት ሄጄ የሐዘንተኛውን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ልውጣ? እናንተ አገር እንደዚህ ነው የሚለቀሰው?»

አውሮፕላኗ ሦስት ቀን ሙሉ፣ በጨዋታው ሦስት ወር፣ ሳይበር ቆመ። በሦስተኛው ቀን ኪዳነወልድ አዲስ ኩባንያ ከፍቶ ተመለሰ፤ ተራዎቹን እንደተዋቸው አገኛቸው። ኑሰይባ ያን ጊዜ አውሮፕላኗን አስነስታ ወደ ቤቷ መለሰች። የሦስት ወር ገቢ ቀርቶባት ነበር። አልቆጫትም።

በአሥራ ዘጠነኛው የጨዋታ ዓመት፣ ዙሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ትዕግሥት አነበበችው፤ ስታነብ ድምጿ እየቀነሰ ሄደ። በዚያ በባለ አርባ ወንበሩ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ስንጥቅ ተገኝቷልና የዚያ ዓይነት አውሮፕላን ሁሉ ለአራት ወር፣ በእኛ ለአራት ቀን፣ እንዳይበር ታግዷል።

የዚያ ዓይነት ሁሉ! የኑሰይባ ስድስቱም የዚያ ዓይነት ነበሩ።

«አንድ ዓይነት ብቻ መያዝ ጉዳቱ ይኸው ነው» ሲል ጻፈ ሳህሉ። እውነቱን ነው። ኑሰይባም አልካደችም። ሙሐዲን እንኳ አራቱ መኪኖቹ የሚጠቀሙበት አንድ መርፌ ከገበያ የጠፋ ሰሞን አንድ ሳምንት እጁን አጣጥፎ መዋሉን ታስታውሳለች፤ ያኔ ስቃበት ነበር።

ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው ለአንድ ወር በቃ። በሁለተኛው ወር ሒሳቡ ከዜሮ በታች ወረደ። በሦስተኛው ወር እዚያው ዋለ። ባንኩ ከዜሮ በታች ላለ አያበድርም፤ ጨዋታውም አንዱ ለሌላው ገንዘብ እንዲሰጥ አይፈቅድም። ወሩ የሚዞረው ቀን በስድስት ሰዓት ነው። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ከዜሮ በታች የዋለችበት ሦስተኛው ወር ይሞላና ፈላና ትሰረዛለች፤ እገዳው የሚነሳው ደግሞ ያን ጊዜ ነው።

ሳህሉ መውጫ አመጣላት። በክፋት አይደለም፤ አስቦበት ነው። «ኩባንያዎን ከእኔ ጋር ያዋህዱ። አውሮፕላኖቹም ተርሚናሉም አይጠፉም። የሚጠፋው ስሙ ብቻ ነው።»

«ስሙ ብቻ!» አለች ኑሰይባ ለትዕግሥት። ሳቀችም፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። «እስከ ዛሬ ለምን የምጫወት መስሎት ነው?» ከዚያ በድምፅ መለሰችለት፦ «ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። ግን ከጠፋሁ በራሴ ስም ልጥፋ።»

ያን ዕለት ሱቅ ስትዘጋ ሙሐዲን መኪናውን እያለበሰ ነበር። ወሬውን ሰምቷል፤ በዚህ መንገድ ላይ ወሬ ከክር ይልቅ ቶሎ ይተረተራል። አንገቱን ደፍቶ «ኑሰይባ፣ ተይው። ጨዋታ እኮ ነው» አላት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ቅጥያ ሳይጨምር ጠርቷት አያውቅም። ያዘነላት ጊዜ ተወው። ይህ ከስድቡ ሁሉ ይልቅ አንገበገባት።

«ምን ሆነህ ነው በግማሽ ስሜ የምትጠራኝ?» አለችው። «ገና ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ትጨርሰዋለህ!»

በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ለአንዲት ደንበኛ ሦስት ሜትር ገበር ለክታ ከሰጠች በኋላ፣ ስልኳን ከፈተች። ድሬዳዋ ላይ አንድ የማታውቀው አውሮፕላን ቆሟል። የኪዳነወልድ ነው። ባዶ ነው፤ መንገደኛ አላመጣም፣ መንገደኛ አይጭንም። ትክ ብላ ስታየው ሁለተኛ መጣና ጎኑ ቆመ። ሦስተኛ። አራተኛ። ከየኩባንያው፣ የኅብረቱ ሰዎች።

ኑሰይባ መጀመሪያ ግራ ገባት። ቀጥሎ ገባት። ሲገባት ደግሞ ደሟ ፈላ። ስልኩን አንስታ እስከ መንገዱ ጥግ በሚሰማ ድምፅ ጮኸችበት፦

«ማን ሞተና ነው? ወላሂ አልሞትኩም! ሁለት ሰዓት ሙሉ ዕድሜ አለኝ! በቁሜ ለቅሶ የምትቀመጡብኝ ምን አድርጌያችሁ ነው? ተነሱልኝ ከደጄ!»

መልሱ ከኪዳነወልድ መጣ፤ ትዕግሥት አነበበችው። «እትዬ፣ አልሞቱም። ይማርዎት ብለን ነው የመጣን። ግን ከመቆጣትዎ በፊት የተርሚናሉን ሒሳብ ይዩት። ባዶ እጃችንን አልመጣንም።»

ትዕግሥት ገጹን ከፈተችው። ዕድሜውን ሙሉ ዜሮ ሲያሳይ የኖረው «የማቆሚያ ኪራይ» የሚለው መስመር ይቆጥር ነበር። አንድ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ይዘላል። ገንዘብ መስጠት ክልክል ነው፤ የሰው ደጅ መጥቶ መቀመጥን ግን የከለከለ ሕግ የለም። ኑሰይባ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ስልኩን እንደገና አነሳች።

«የቅድሙን አልሰማችሁም!» አለች። «እንዳትነሱ! አንድ ሰው ቢነሳ እቀየመዋለሁ! ትልልቁን ላኩ፣ ትልቅ ብዙ ይከፍላል!»

የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሰፊዎቹ ሱቋ ደጃፍ ላይ ተኮለኮሉ፤ ሙሐዲን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሁሉ ፊት ነው። «አሥራ ሰባት» ብሎ ይቆጥራል። «አሥራ ስምንት። ያ ማነው?» ግማሾቹ በሐረሪው ቋንቋ በጌይ ሲናን፣ ግማሾቹ በኦሮምኛ ይከራከራሉ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሃያ ሁለት አውሮፕላን ቆመ፤ ሒሳቡ አሁንም ከዜሮ በታች ነው። የሳህሉ ብቻ አልመጣም ነበር።

አምስት ደቂቃ ሲቀረው መጣ። ያለውን ትልቁን፣ ባለ አራት ሞተሩን፣ የሩቅ አገር በረራውን ሰርዞ ልኮታል። የድሬዳዋን ማቆሚያ ግማሽ ይዞ ቆመ። ከሥሩ አንዲት መስመር ብቻ ጽፏል፦ «እትዬ፣ የሚቀመጥ ሰው መጣልዎት።»

ስድስት ሰዓት ሆነ። ስክሪኑ ነጣ፣ ቆየ፣ ተመለሰ። ትዕግሥት ቁጥሩን ለማንበብ ሁለት ጊዜ ጀምራ አቃታት። ከዜሮ በላይ ነበር፤ የአንድ ጎማ ዋጋ ያህል ብቻ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ መንገዱ በአንድ ድምፅ። ኑሰይባ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። በሰው ፊት ማልቀስ አትወድም፤ ያን ቀን ግን ግድ አልሰጣትም።

ስድስቱ አውሮፕላኖች ተነሱ፤ ዙሩም ከአሥር ቀን በኋላ አለቀ። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ አሥራ ሰባት ቀሩ። ሳህሉ አራተኛ ወጣ። ፈላና አሥራ ሰባተኛ፣ ከሁሉ በታች፣ ግን ከነስሟ። ትዕግሥት ዝርዝሩን በትልቅ ወረቀት አትማ ሰጠቻት፤ ኑሰይባም ከክሮቹ በላይ፣ ሙሐዲን ቀና ባለ ቁጥር በሚያየው ቦታ ለጠፈችው።

አዲሱ ዙር በተከፈተ ቀን ትዕግሥት ስልኩን ይዛ ትሞላላት ጀመር። «የኩባንያ ስም ይላል። ፈላና ልበለው?»

ኑሰይባ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሙሐዲንን አየችው። ሱሪ እየዘመዘመ፣ የማይሰማ መስሎ ይሰማ ነበር።

«ሦስት ወር በይው» አለች። «ሦስት ወር አየር መንገድ።»

መኪናው ቆመ። «ኧረ በአላህ!» አለ ሙሐዲን። «በእንዲህ ያለ ስም ማን ይሳፈራል?»

«ስሙን ያወጣኸው አንተ ነህ። የመጀመሪያውን ትኬት የምትቆርጠውም አንተ ነህ።»

ሙሐዲን እግሩን ወደ ፔዳሉ መለሰ። ዛሬም ጠዋት ጠዋት በዚያው ስም ይጠራታል፤ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። እሷ ናት «አልሰማሁም፣ ጮክ በል!» የምትለው።